መንቶችሽ ሙቀት ክፍል ሲገቡ ጡት እንዴት ይታለባል? ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ፣ ደረጃ በደረጃ

ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው። አንዲት አራስ ትደውላለች። አጠገቧ ሌሎች እናቶች ስለተኙ ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ ነው የምታወራው። «መንታ ወልጄ ሙቀት ክፍል ገቡብኝ። እለቢ አሉኝ፣ ሳልብ ግን ጠብታ ብቻ ነው የሚወጣው። ምን ይሻለኛል?»

ቁጥሬን ማን እንደሰጣት አልጠይቅም። የእኔም መንቶች በ32 ሳምንታቸው ተወልደው 26 ቀን ሙቀት ክፍል ቆይተዋል። ከዚያ ወዲህ ዘመድ አዝማድ መንታ የወለደች ሴት በሰማ ቁጥር ወደ እኔ ይልካታል። በስልክ የምደጋግመውን ሁሉ ይኸው ጻፍኩት።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ጠብታው ትክክል ነው። ወተቱን የሚያመጣው በቀን ስንት ጊዜ እንዳለብሽ ነው። ቢያንስ 8 ጊዜ፣ ሌሊትም ጭምር። ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር ነው፤ ግን ዝርዝሩን ባለማወቅ ብዙ ወተት ይደፋል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ጋንዲም ሁኚ ዘውዲቱ፣ ጥቁር አንበሳም ሁኚ የግል ሆስፒታል፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ደንብ አለው። ነርሷ እዚህ ከጻፍኩት የተለየ ነገር ከነገረችሽ የእሷን ስሚ። ልጆችሽን እያየች ያለችው እሷ ናት።

የሚያስፈልግሽ

- ክዳን ያለው አፈ ሰፊ ኩባያ፣ ቢቻል ሁለት። ብርጭቆ፣ ብረት ወይም ሲቀቀል የማይጣመም ጠንካራ ፕላስቲክ ይሁን።
- መርፌ የሌላቸው አዳዲስ ስሪንጆች፣ ባለ 1፣ ባለ 2 እና ባለ 5 ሲሲ። ነርሶቹ ሲሲ የሚሉትና ዕቃው ላይ ሚሊ ሊትር ተብሎ የተጻፈው አንድ ነው።
- ክዳናቸው ጥብቅ የሚል ትንንሽ ማስቀመጫዎች። ክፍሉ የሚሰጥ ከሆነ የእነሱን ተጠቀሚ።
- ነጭ ፕላስተርና ውሃ ሲነካው የማይለቅ ማርከር።
- ትንሽ ደብተር።
- ሳሙና፣ ንጹሕ ፎጣ፣ መቀቀያ ድስት።
- ትንሽ አይስ ቦክስ፣ ከሌለ ሙቀት የሚይዝ የምሳ ቦርሳ። በተጨማሪም ውሃ ሞልተሽ ያቀዘቀዝሻቸው ሁለት ግማሽ ሊትር ሃይላንዶች።
- መዳፍ የሚያህሉ ሁለት የጥጥ ጨርቆች። ለምን እንደሆነ ደረጃ 3 ላይ ታገኚዋለሽ።
- የኤሌክትሪክ ማለቢያ (ፓምፕ)፣ ካገኘሽ። ካላገኘሽ በእጅ ብቻም ይቻላል፤ እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ በእጄ ነው ያለብኩት።

ጫፉ ላይ የላስቲክ ኳስ ያለበትን ርካሽ የእጅ ማለቢያ አትግዢ። ወተቱ ኳሱ ውስጥ ይገባል፣ ውስጡን ደግሞ ማጠብ አይቻልም። ለጤነኛ ልጅም አይመከርም፣ ሙቀት ክፍል ላለ ልጅ ጭራሽ አይሆንም።

ደረጃ 1፦ ዛሬውኑ ጀምሪ

ከተቻለ በወለድሽ በ1 ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ 6 ሰዓት ሳይሞላ እለቢ። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ሰውነትሽ ወተት ማምረት እንዲጀምር ምልክት ያገኛል። ጡትሽ ቶሎ ቶሎ ሲታለብ ምልክቱ ይጠነክራል። ማንም ሳይነካው ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ ግን ሰውነትሽ የሚጠባ ልጅ የለም ብሎ ይተወዋል።

በኦፕሬሽን ከወለድሽ ለመቀመጥ አትታገዪ። በጎንሽ ተኝተሽ ማለብ ትችያለሽ፣ ኩባያውን አስታማሚሽ ትያዝልሽ። በኦፕሬሽን የወለደች፣ ደም ግፊት የነበረባት ወይም ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ወተቷ አንድ ሁለት ቀን ሊዘገይ ይችላል። ይዘገያል ማለት ይቀራል ማለት አይደለም።

«መጀመሪያ ይረፉ» ብሎ የሚያዝንልሽ ሰው አይጠፋም። አመስግነሽ ኩባያውን አንሺ።

ደረጃ 2፦ እጅና ዕቃ

እጅሽን እስከ አንጓው በሳሙና ቢያንስ 20 ሰከንድ ታጠቢ። ጥፍርሽን በአጭሩ ቁረጪ፣ ቀለበትሽን አውልቂ። ጡትሽን ግን በየጊዜው በሳሙና አትጠቢ፤ ቆዳው ደርቆ ይሰነጠቃል። በቀን አንዴ ገላሽን ስትታጠቢ ይበቃል።

ወተት የነካውን ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቂ፣ ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢ፣ በመጨረሻ ቀቅዪ። መመሪያዎች ብዙ ጊዜ 5 ደቂቃ ይላሉ። አዲስ አበባ ግን ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ 100 አይደርስም። ስለዚህ ከፈላ በኋላ 10 ደቂቃ ቆጥረሽ አውጪ። በፎጣ አትወልውዪው፤ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደፍተሽ በራሱ ይድረቅ።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያመጣው የልጆቹ ሁኔታ ነው። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን አንጀቱም በሽታ የመከላከል አቅሙም ገና ነው። ለትልቅ ልጅ ቀላል የሆነ ጀርም ለእሱ ከባድ ነው።

ደረጃ 3፦ ወተቱ እንዲወርድ አድርጊ

ወተት መኖሩና ወተት መውረዱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንዲወርድ የሚያደርገው ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ነው። ሕመም፣ ብርድ፣ ድንጋጤና ጭንቀት ይይዙታል፤ የልጅ ሽታ፣ ሙቀትና መታሸት ይለቁታል። ስለዚህ ከማለብሽ በፊት 5 ደቂቃ ለዚህ ስጪ።

ጨርቆቹ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልጉት። አንዱን አንደኛው ልጅ ጋ፣ ሌላውን ሁለተኛው ጋ አስቀምጪ፤ ነርሷን አስፈቅደሽ ነው ታዲያ። በማግስቱ ወስደሽ ስታልቢ አሽትቺያቸው። ቤት ሆነሽ የምታልቢ ከሆነ ፎቶአቸውንም ስልክሽ ላይ ክፈቺ።

ከዚያ ጀርባሽን አሳሺ። ጠረጴዛ ላይ እጅሽን አጣጥፈሽ ጎንበስ በዪ፣ ጡትሽ በነፃነት ይንጠልጠል። የሚያሽልሽ ሰው እጁን ይጨብጥና አውራ ጣቶቹን ወደፊት ያውጣ። በአከርካሪሽ ግራና ቀኝ፣ ከአንገትሽ ጀምሮ እስከ ትከሻ አጥንትሽ ድረስ ትንንሽ ክብ እየሠራ ጠበቅ አድርጎ ወደታች ይሂድ። 2 ወይም 3 ደቂቃ ይበቃል። «እኔ ምን ልርዳሽ?» እያለ በር ላይ ለሚቆም ባል ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅም።

ለብ ያለ ውሃ ውስጥ የተነከረ ፎጣ ጡትሽ ላይ ማድረግም ይረዳል።

ደረጃ 4፦ በእጅ ማለብ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት በእጅ እለቢ። የመጀመሪያው ወተት ወፍራምና ጥቂት ስለሆነ የማሽኑ ጎማና ቱቦ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ እጅ ግን ጠብታዋን አያባክንም።

1. ኩባያውን ከጡትሽ ሥር ያዢ። ትከሻሽን ልቀቂ።
2. አውራ ጣትሽን ከጡትሽ ጫፍ በላይ፣ ሌባ ጣትሽን ከታች አድርጊ። ከጫፉ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ወደ ሁለት ጣት ስፋት ራቂ። እጅሽ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ይይዛል።
3. ሁለቱን ጣቶች ወደ ደረትሽ ግፊ።
4. እንደገፋሽ ጣቶችሽን አቀራርበሽ ጭመቂ።
5. ልቀቂ። ጣቶችሽ ግን ከቦታቸው አይነሡ።
6. ግፊ፣ ጭመቂ፣ ልቀቂ። በዚሁ ምት ቀጥዪ። የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ደቂቃ ምንም ላይወጣ ይችላል፤ አትቁሚ።
7. ጠብታው ሲቀንስ ጣቶችሽን ዙሪያውን አዙሪ፣ ከላይና ከታች የነበሩት ወደ ግራና ቀኝ ይሁኑ። ወተት በጡት ዙሪያ ሁሉ አለ።
8. ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በኋላ ወደ ሌላኛው ጡት እለፊ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለሺ። ሁለቱን እያፈራረቅሽ ጠቅላላው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል።

ጣትሽ ቆዳሽ ላይ መንሸራተት የለበትም። ከተንሸራተተ ቆዳሽ ይላጣል፣ ወተትም አይወጣም። የእኔ አክስት ከገጠር መጥታ ላም እንደምታልብ ጫፉን ይዛ ስትጎትተው እንባዬ ነበር የወረደው። ሴትየዋ ዕድሜ ልኳን አልባለች፤ ያለበችው ግን ላም ነው። የሰው ጡት ጫፉን በመጎተት አይታለብም። ወተቱ ያለው ከጫፉ ኋላ ነው። በትክክል ስታልቢ ደግሞ አያምም፤ ካመመሽ የጣትሽን ቦታ ቀይሪ።

ደረጃ 5፦ እንገሩን በስሪንጅ ሰብስቢ

በመጀመሪያው ቀን በአንድ ማለብ የሚወጣው ከጥቂት ጠብታ እስከ 5 ሲሲ ድረስ ነው። አምስት ሲሲ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። ቢጫ፣ ወፍራም፣ አንዳንዴ እንደ ማር የሚጣበቅ ነው። «ሆድ ያማል»፣ «የቆየ ወተት ነው፣ ይፍሰስ» የሚል ሰው ካለ አትስሚው። እንገሩ በሽታ የሚከላከሉ ነገሮች ተጠቅጥቀውበታል። የእናት ወተት ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ከከባድ የአንጀት ሕመም በመከላከል የታወቀ ነው።

ጠብታዋን ከጡትሽ ጫፍ ላይ በቀጥታ በስሪንጁ አፍ ምጠጫት። ኩባያ ላይ ከጣልሻት ግማሹ ከግድግዳው ጋር ይቀራል።

ለሁለት እንዴት ይከፈላል? ሁለቱም ይድረሳቸው። 1 ሲሲ ካለብሽ በሁለት ስሪንጅ ግማሽ ግማሽ አድርገሽ ስጪ። ገና መመገብ ያልጀመረ ልጅ ቢሆን እንኳ ነርሷ ሁለት ሦስት ጠብታ ጉንጩ ውስጥ ልትቀባው ትችላለች። ጠይቂያት። ማን የበለጠ ይሰጠው የሚለውን ግን ለሐኪሙ ተዪው። ቀኝ ጡት ለአንዱ፣ ግራ ጡት ለሌላው ብሎ መለየትም አያስፈልግም።

ደረጃ 6፦ ሰዓቱን ያዢ

በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ማለብ አለብሽ። በኛ ሰዓት አቆጣጠር ይህን መያዝ በጣም ቀላል ነው፦ 12፣ 3፣ 6፣ 9። ቀን አራት፣ ሌሊት አራት። በቃ ስምንት ሆነ።

ጡት ሞልቶ ሲቆይ ሰውነት «በዝቷል፣ ቀንሺ» የሚል መልእክት ያገኛል። ባዶ ሲሆን ደግሞ «አልበቃም፣ ጨምሪ» ይላል። ስለዚህ በቀን አራት ጊዜ ለአንድ ሰዓት ከማለብ ስምንት ጊዜ ለሃያ ደቂቃ ማለብ ይበልጣል።

ሌሊቱን አትዝለዪ። ወተት የሚያመርተው ሆርሞን፣ ፕሮላክቲን፣ በሌሊት ከፍ ይላል። የሌሊት 9 ሰዓቷ ከባድ ናት፣ አውቃለሁ። አላርም ሙይ፣ ዕቃውን አጥበሽ ራስጌሽ አዘጋጅተሽ ተኚ። በጣም ከደከመሽ አንድ ጊዜ ለአምስት ሰዓት ያህል በተከታታይ ተኚና ቀን ላይ አንድ ጨምሪ። ዋናው 8 መሙላቱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ወሳኝ ናቸው። ያኔ የገነባሽው መጠን ለወራት ያገለግልሻል። በኋላ መጨመር ይቻላል፣ ግን በብዙ ልፋት ነው።

ገንፎውን ብዪ፣ አጥሚቱን ጠጪ። አራስ መብላትና መጠጣት አለባት። ነገር ግን አምስት ኩባያ አጥሚት ጠጥታ በቀን ሦስት ጊዜ የምታልብ እናት ወተቷ ይቀንሳል።

ደረጃ 7፦ ፓምፕ ካለሽ

ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ጡትሽ ይከብዳል፣ ይሞቃል፣ ወተቱም ይቀጥናል። ፓምፕ መጠቀም የምትጀምሪው ያኔ ነው። ሁለቱን ጡት በአንዴ የሚያልብ ካገኘሽ ጊዜሽን በግማሽ ይቀንሳል፤ ለመንታ እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጡት ላይ የሚገጠመው ጡሩምባ መሰል ክፍል ልክሽ መሆን አለበት። ሲስብ የጡትሽ ጫፍ መሐል ላይ ሆኖ ወደፊትና ወደኋላ በነፃነት መንቀሳቀስ አለበት። ጫፉ ግድግዳውን ከፈተገ ጠቦሻል፤ ጠቆር ያለው ዙሪያ ብዙው ከገባ ደግሞ ሰፍቶሻል። የመሳቢያውን ኃይል እስኪያምሽ አትጨምሪ። ሲያም ወተት አይወርድም።

ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እለቢ፣ ወይም የመጨረሻው ጠብታ ከቆመ በኋላ 2 ደቂቃ ጨምሪ። ስትጨርሺ በእጅሽ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምቂ። የመጨረሻው ወተት ቅባቱ ብዙ ነው፣ ኪሎ የሚጨምርላቸውም እሱ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በእጅ ማለብ መቻልሽ ያኮራሻል።

ደረጃ 8፦ መዝግቢ

ደብተሩ ላይ ሰዓቱንና መጠኑን ጻፊ፣ ማታ ደምሪ። አንድ ማለብ ትንሽ ሆነ ብለሽ አትደንግጪ፤ የቀኑን ድምር ተመልከቺ።

ምን ያህል ይበቃል? በ14ኛው ቀን በ24 ሰዓት ከ500 እስከ 750 ሲሲ ጥሩ ነው። ለመንታ 750 እና ከዚያ በላይ ብትደርሺ ወደፊትም አትቸገሪም። ከ350 በታች ከሆንሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ነርሷን አማክሪ።

አሁን የሚያስፈልጋቸው ግን ከዚህ ያነሰ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንድ ጊዜ 2 ወይም 3 ሲሲ ብቻ ሊታዘዝላቸው ይችላል። ሙሉ ምግብ ሲደርሱ በኪሎ 160 ሲሲ ገደማ በቀን ብለን እናስላ። 1.5 ኪሎ የሆነ ልጅ 240 ሲሲ ይፈልጋል፣ ለሁለቱ 480። በ8 ሲካፈል ለእያንዳንዱ 30 ሲሲ በአንድ ጊዜ ነው። ወረቀት ላይ ስታስቀምጪው ያን ያህል አያስፈራም።

ደረጃ 9፦ ስምና ሰዓት ጻፊበት

እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ፕላስተር ለጥፊ። ሙሉ ስምሽ፣ የካርድ ቁጥር፣ መንታ 1 ወይም መንታ 2፣ የታለበበት ቀንና ሰዓት። ፕላስተሩ ዕቃው ላይ ይሁን፣ ክዳኑ ላይ አይሁን። ክዳን ይቀያየራል።

ሰዓቱ ላይ ቆም በዪ። ሐኪሞችና ነርሶች ካርድ ላይ የሚጽፉት ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ሰዓት ነው። እኔ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ያለብኩትን «9:00» ብዬ ጽፌ 10 ሰዓት ላይ አደረስኩ። ተረኛዋ በፈረንጅ አነበበችው፤ የጠዋት 3 ሰዓት ወተት መሰላት። ሰባት ሰዓት ውጭ የዋለ ወተት ተብሎ 40 ሲሲ ተደፋ። ትክክል ነበረች፣ ስህተቱ የእኔ ነው። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ «ከሰዓት 9 ሰዓት (በፈረንጅ 15:00)» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ቀኑም ላይ እንዲሁ ነው፤ የኛን ነው የፈረንጅን የምትጽፊው? ክፍሉን ጠይቀሽ በአንዱ ጽኚ።

ደረጃ 10፦ ማስቀመጥና ማድረስ

ለእያንዳንዱ ማለብ የተለየ ዕቃ ተጠቀሚ። በትንንሹ ክፈዪው፤ ልጁ 8 ሲሲ የሚወስድ ከሆነ 60 ሲሲ ባንድ ዕቃ አትስጪ። ተከፍቶ የተረፈ ይደፋል።

- ጥላ ያለበት ክፍል ውስጥ፣ ከ25 ዲግሪ በታች፦ እስከ 4 ሰዓት። ሙቀት ክፍሉ ራሱ ሞቃት ነው፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪ።
- ፍሪጅ ውስጥ፣ 4 ዲግሪ፦ ለጤነኛ ልጅ እስከ 4 ቀን ይባላል። ሙቀት ክፍል ላሉት ግን ከ48 ሰዓት አታሳልፊ። ከኋላ በኩል አስቀምጪ። በር ላይ ያለው ቦታ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል።
- ፍሪዘር ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ፦ እስከ 3 ወር። ሲቀዘቅዝ ስለሚነፋ እስከ አፉ አትሙዪው።

የቀዘቀዘውን ለማቅለጥ ማታ ወደ ፍሪጅ አውርጂው። ቀልጦ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠቀሙት፣ መልሰሽ አታቀዝቅዢው። ለማሞቅ ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጪ። እሳት ላይ መጣድና ማይክሮዌቭ ክልክል ነው፤ ወተቱን ይጎዳል፣ አንዱ ቦታ ፈልቶ ልጁን ያቃጥላል። ቅባቱ ላይ ሲሰፍፍ ተበላሸ ብለሽ አትድፊው፣ ቀስ አድርገሽ አሽከርክሪው።

መብራት ከጠፋ ፍሪጁን አትክፈቺ። ካልተከፈተ ወደ 4 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። እኛ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነበርን። መብራት ሲሄድ በሩ ላይ «እንዳትከፍቱ» የሚል ወረቀት እለጥፍ ነበር። ለራሴ እናት ነው የጻፍኩት፤ ቅቤ ትፈልጋለች።

መንገድ ላይ፦ ዕቃዎቹን በንጹሕ ፌስታል ጠቅልለሽ በሁለቱ የቀዘቀዙ ሃይላንዶች መሐል አድርጊ፣ አይስ ቦክሱን ዝጊ። ታክሲ ውስጥ እግርሽ ሥር ይሁን፣ ፀሐይ ያለበት መስኮት ሥር አይሁን። የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ከሜክሲኮ ስታዲየም እንኳ ስንት እንደሚፈጅ ታውቂዋለሽ፤ ቀድመሽ ውጪ። ወተቱን ራሱን ግን ሃይላንድ ውስጥ አትጨምሪ። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ውስጡ አይጠራም።

ስትደርሺ ጥበቃው ጋ ወይም መስኮት ላይ ትተሽ አትሂጂ። ለነርሷ በእጅ ስጪ።

ደረጃ 11፦ ደረትሽ ላይ፣ ከዚያ ጡትሽ ላይ

ሐኪሙ ሲፈቅድ ካንጋሮ ጠይቂ። ልጁ በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ፣ ቆዳው ከቆዳሽ ጋር ተጣብቆ ደረትሽ ላይ ይተኛል። መንታን በአንዴ ማቀፍም ይቻላል፣ ሲጀመር ግን ነርሷ አጠገብሽ ትሁን። ከካንጋሮ እንደወረዱ ወዲያው እለቢ። እኔ ከሁሉም የበለጠ ወተት የማገኘው ያኔ ነበር።

ጡት መሞከር ሲጀምሩ ቶሎ ይደክማቸዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ስበው ይተኛሉ። ያ ጡት አልፈልግም ማለት አይደለም። ቀሪውን በቱቦ ወይም በኩባያ ይወስዳሉ፣ አንቺም ማለብሽን አታቆሚም።

አንዱ ቀድሞ ከወጣስ? ብዙ መንታ ላይ ይደርሳል። ቤት ያለውን አጥቢ፣ እንዳጠባሽ ሁለቱንም ጡት አልበሽ የታለበውን ለቀረው ላኪ። ሰዓቱ ያው 12፣ 3፣ 6፣ 9 ነው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

«ጡቴ ሲሞላ አልባለሁ» ብሎ መጠበቅ። እስኪሞላ ከጠበቅሽ ዘግይተሻል።

አዲስ የታለበ ትኩስ ወተትን ከቀዘቀዘው ላይ መቀላቀል። የቀዘቀዘውን ያሞቀዋል። ለየብቻ አስቀምጪ።

ጎረቤት አልጋ ካለችው እናት ጋር መወዳደር። እሷ 80 ሲሲ አልባ አንቺ 15 ካለብሽ፣ ምናልባት እሷ የወለደች 10 ቀኗ ነው፣ አንቺ 3ኛሽ።

ሲከፋሽ መተው። አንዱ ልጅ ሕመሙ የጠና ቀን ማለብ ትርጉም የለሽ ይመስላል። የዚያን ቀን ሰዓቱን አስታማሚሽ ትያዝልሽ፤ አንቺ እጅሽን ብቻ አንቀሳቅሺ።

ጥንቃቄ

- ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ ለሕፃናቱ ምንም አይሰጥ። ቅቤ ማላስ፣ ስኳር ውሃ፣ የአብሽ ውሃ፣ የላም ወተት፣ ሁሉም ክልክል ነው። ማን እንዳመጣው ለውጥ የለውም።
- የሌላ እናት ወተት ተበድረሽ አትስጪ፣ የአንቺንም አታበድሪ። በወተት የሚተላለፉ በሽታዎች አሉ። ወተት ካነሰሽ ለሐኪሙ ንገሪ።
- የምትወስጂውን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ለክፍሉ አሳውቂ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ከሐኪምሽ ጋር ሳትነጋገሪ መድኃኒቱንም ማለቡንም አታቋርጪ።
- ጡትሽ አንዱ ቦታ ቀልቶ፣ ጠጥሮ፣ ካቃጠለሽና ትኩሳትሽ ከ38 ዲግሪ ካለፈ የዚያኑ ቀን ታከሚ። ማለቡን አታቁሚ፤ ሲቆም ይብሳል። ወተቱን ግን ለነርሷ ሳታሳይ አትስጪ።
- ወተቱ ላይ ደም ካየሽ አትድፊው፣ አሳዪያቸው። ብዙ ጊዜ ከተሰነጠቀ ጫፍ የሚመጣ ነው።
- ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ብዙ ደም መፍሰስ ካለ ኩባያውን አስቀምጪና ለራስሽ ሐኪም ጥሪ። ሁሉም ሰው ሙቀት ክፍሉን ሲያይ አራሷ ትረሳለች።

መንቶቹ ቤት ገብተው በደንብ መጥባት ሲጀምሩ ማለቡን በአንድ ቀን አታቁሚ። ጡትሽ ይቋጥራል። በሦስት አራት ቀን አንድ ጊዜ እየቀነስሽ ሂጂ፣ ኪሏቸውን እያስመዘንሽ። እኔ መጨረሻ ላይ የተውኳት የሌሊት 9 ሰዓቷን ነው፤ አላርሙን ካጠፋሁ በኋላም ለአንድ ሳምንት ያህል በራሴ እየነቃሁ ነበር።